«ዓይነ ኵሉ» እና የጎጃም ደጋ ገበሬ፦ በእግዚአብሔር ጊዜ መታመን እጅ ማጣጠፍ ነውን?

የአማራ ገበሬ በእግዚአብሔር ጥበብና ጊዜ ላይ ያለው እምነት በብዙ ምሁራን ዘንድ የሚታየው በዶናልድ ሌቪን በኩል ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. የታተመው መጽሐፉ «ሰምና ወርቅ» ለአማራ ገበሬ ዓለም አንድ ሰፊ ምዕራፍ ሰጥቷል። ከዚያ ወዲህ የጻፉ ብዙዎች ያን ምዕራፍ ይዘው፣ ገበሬው በክፉ ቀን «እሱ ያውቃል» ማለቱን ዕድሉን ተቀብሎ የመቀመጥ ምልክት አድርገው ቆጥረውታል። ስለ መጽሐፉ ሌላ ክፍል ክርክር የለኝም፤ ሙግቴ ከዚህ አነባበብ ጋር ነው። ሌቪን የኖረውና ያጠናው መንዝ ውስጥ ነበር። አነባበቡ ግን ዓባይን ተሻግሮ ያለ ምርመራ በጎጃም ላይ ተጫነ። ከዚህም የሚከፋው፣ ገበሬው ስለ እግዚአብሔር ጊዜ በየዓመቱ ከቤተ ክርስቲያን የሚሰማው ትምህርት፣ የቅዱስ ያሬድ ድጓ፣ በማስረጃነት አለመጠራቱ ነው።

በድጓው ሥርዓት ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል። በውስጡ ከነሐሴ 10 እስከ 27 ያለው ክፍል ዓይነ ኵሉ (የሁሉ ዓይን) ይባላል፤ እጓለ ቋዓትና (የቁራ ጫጩቶችና) ደሰያትም (ደሴቶችም) አብረው ይታሰቡበታል። መሠረቱ መዝሙር 144 እና 146 ነው፤ ፍጥረት ሁሉ ምግቡን በየጊዜው ከፈጣሪው ይጠብቃል፣ የቁራ ጫጩቶችም ወደ እሱ ይጮኻሉ። እነዚህ ቀኖች በደብረ ማርቆስ ዙሪያና በጮቄ ግርጌ ምን ዓይነት ቀኖች እንደሆኑ የደጋ ሰው ያውቃል። የአምናው እህል ከጎተራ ተሟጧል፤ አዲሱ ገና ቡቃያ ነው፤ ድንቹ ቀድሞ ካልደረሰ ቤቱ ይቸገራል። የፍልሰታ ጾም መጨረሻም እዚሁ ላይ ይውላል። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን መጠበቅን የምታስተምረው በጥር፣ አውድማው በሞላበት ወር አይደለም። የምታስተምረው እናት ለልጆቿ የምትጋግረው ባነሰበት ሰሞን ነው። ይህ መገጣጠም ድንገተኛ ነው የሚል ሰው ድጓውን ከማሳው ጋር አስተያይቶ አያውቅም።

በነሐሴ ደግሞ ተቀምጦ የሚጠብቅ የለም። ለጤፍ መሬቱ ደጋግሞ ታርሷል፤ ዘሩ በሐምሌ ወርዷል፤ አሁን የአረም ወቅት ነው። በወንፈል ይተጋገዛሉ፣ በደቦ ይወጣሉ። ማኅሌት ቆሞ ያደረው ካህንም ከቅዳሴ በኋላ ወደ ማሳው ይወርዳል፤ የደጋው ቄስ ራሱ ገበሬ ነውና። እዚህ ላይ የሰውና የእግዚአብሔር ድርሻ የተለየ ነው፤ ማረም የሰው ነው፣ ማፍራት የእሱ። አረሙን ሳይነቅል «እሱ ያውቃል» የሚልን ሰው መንደሩ ሰነፍ ይለዋል እንጂ አማኝ አይለውም። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህን ያህል ግልጽ ልዩነት በጥናቶቹ ውስጥ መጥፋቱ ነው።

ከማሳው ውጭም ገበሬው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። አለን ሆበን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በጎጃም የደጋ ዳሞትን የርስት ሥርዓት አጥንቷል። እዚያ የምናየው የትውልድ ሐረጉን እየቆጠረ ድርሻውን የሚጠይቅና በዳኛ ፊት የሚሟገት ሰው ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲታወጅም የቢቸና፣ የሞጣና የደጋ ዳሞት ገበሬ አሻፈረኝ ብሎ ጠመንጃውን አነሣ። መንግሥት የጦር አውሮፕላን እስከ መላክ ደርሶ፣ በመጨረሻ ውዝፉን ግብር ለመሰረዝ ተገደደ። ዓይነ ኵሉን እየሰማ ያደገው ሕዝብ ይኸው ነው።

አንዳንዱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይጠቅስብኝ ይሆናል። ሐዲስ አለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩ የጎጃም ሰው ናቸው፤ በልቦለዳቸውም በዛብህ ወላጆቹ በገቡት ስለት ታስሮ ይኖራል። ነገር ግን ስለት ሰው ራሱ ውል አዘጋጅቶ ለእግዚአብሔር የሚያቀርበው ነው፤ ጊዜውን ለእግዚአብሔር ከመተው ጋር አንድ አይደለም። ደግሞስ በ1958 ዓ.ም. በታተመው በዚያው መጽሐፍ፣ የግብር ዐመፁ ከመነሣቱ 2 ዓመት አስቀድሞ፣ በባላባቱ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡት ገበሬዎች እነማን ነበሩ?

ድጓው በየደብሩ ወደ ገበሬው ጆሮ የሚደርስበት መጠን እንደ መምህሩ እንደሚለያይ እቀበላለሁ፤ ያልሁትም ለጎጃም ደጋ እንጂ ለአማራ ሁሉ አይደለም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በከብት በሽታና በረሃብ የመጣው ክፉ ቀንም የእግዚአብሔር ቁጣ ተብሎ ነበር የሚል ይኖራል፤ ይህ ተቃውሞ ግን ብዙ አያስኬድም። የከብት በሽታው በሬውን ሲጨርሰው ገበሬው ዶማ አንሥቶ ቆፈረ፤ አፄ ምኒልክም በእጃቸው ቆፍረው አርአያ ሆኑ። ሕዝቡ በዚያው ሰሞን ይጸልይ ነበር። ጸሎቱን ቆጥሮ ዶማውን የሚተው ተመራማሪ ምክንያቱን ማስረዳት ያለበት እሱ ነው።