ከብት፣ አጥርና አውራ ጎዳና በጌዴኦ ምድር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆ፣ በሻሸመኔና በሐዋሳ በኩል ወደ ኬንያ ድንበር የሚወርደው የሞያሌ አውራ ጎዳና የጌዴኦ ዞንን ከሰሜን ወደ ደቡብ አቋርጦ የሚያልፍ ሲሆን፣ ዲላን፣ ወናጎን፣ ይርጋጨፌንና ፍስሐ ገነትን ተከትሎ ወደ ቡሌ ሆራ ይቀጥላል። በዚሁ መሥመር ሰሜናዊ ክፍል፣ ከሞጆ እስከ ሐዋሳ የተወጠነው የፍጥነት መንገድ ከብት እንዳይገባበት በተቋራጭ ሥራ በሽቦ የሚታጠር ሲሆን፣ በጌዴኦ ውስጥ የሚያልፈው አሮጌው ጎዳና ግን ግራና ቀኙን የሚያዋስነው በአብዛኛው ነዋሪው ራሱ የተከለው አጥር ነው። የሁለቱ መንገዶች ደረጃ መለያየቱ የልዩነቱን አንድ ክፍል ያስረዳል። ሌላው ክፍል የሚገኘው ግን በአካባቢው የመሬትና የጉልበት ታሪክ ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም በጌዴኦ ምድርና በዚህ መሥመር አጥር የማጠር ግዴታ በማን ላይ ይወድቃል የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ሦስት የተለያዩ መልሶች ተሰጥተውታል።

የመጀመሪያው መልስ ከመልክዓ ምድሩና ከአዝመራው የመነጨ ነው። ጌዴኦ በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ የሚገኝ ተዳፋት የበዛበት አገር ሲሆን፣ በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 1,210.89 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በሆነው የዞኑ ስፋት ላይ 847,434 ሰው ተቆጥሯል፤ ይህም በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ወደ 700 ሰው ማለት ነው። ይህን ያህል ሕዝብ በተዳፋት ላይ ሊኖር የቻለው ዋንዛና ብርብራን የመሳሰሉ ትላልቅ ዛፎች እንሰትን፣ እንሰቱ ደግሞ ቡናንና ሌሎች ቁጥቋጦዎችን በጥላው ሥር የሚያሳድጉበት፣ ባለሙያዎች ጥምር ደን እርሻ የሚሉት የተደራረበ የአዝመራ ሥርዓት በመኖሩ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ኮሚቴ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስ መዝገብ ያሰፈረውም ይህንኑ የአዝመራ ሥርዓት ከጥብቅ ደኖቹና ከትክል ድንጋዮቹ ጋር አገናዝቦ ነው።

እንዲህ ባለው ምድር ላይ ለግጦሽ የሚተርፍ ሜዳ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ከብት ማለዳ ተለቆ ማታ የሚመለስበት የአረባብ ልማድ ሰፊ ቦታ አላገኘም። ላም፣ በግ ወይም ፍየል በደጅ ወይም በማሳ ዳር በገመድ ትታሰርና ባለቤቷ የእንሰት ቅጠል፣ ሣርና የዛፍ ቅርንጫፍ እየቆረጠ ያቀርብላታል፤ የግብርና ባለሙያዎች ይህን ዘዴ አስሮ መቀለብ ይሉታል። ማታ እንስሳቱ ወደ ጋጣ ይገባሉ፤ ሌሊቱን የተጠራቀመው ፍግ ጠዋት ተጠርጎ ወደ እንሰቱ ሥር ይወሰዳል። ላሟ በእንሰት ቅጠል ትመገባለች፣ እንሰቱ በላሟ ፍግ ይፋፋል፤ የምትታሰርበት ገመድ ሳይቀር የሚገመደው ከቃጫ፣ ማለትም እንሰቱ ለቆጮ ሲፋቅ ከሚገኘው ጭረት ነው። ከብቱን ከማሳው የሚለየው ዋነኛ መሣሪያ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ገመድና ካስማ በመሆናቸው፣ ማሳን በሙሉ የሚከብ አጥር አስፈላጊነቱ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ይልቅ አነስተኛ ሆኖ ቆይቷል።

አጥር የሚያስፈልገው በተለይ በጓሮው፣ በመተላለፊያው መንገድና ገና ባልጠነከረው የእንሰት ችግኝ ዙሪያ ነበር። ለዚህ የሚሆነው ሕያው አጥር የሚባለው፣ ሥር ሰዶ ከሚያድግ ተክል የሚሠራው ዓይነት ነው። አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ጊዜን ማወቅ ይጠይቃል። ዝናብ ሊገባ ሲል የክንድ ውፍረት ያለው የኮርች ቅርንጫፍ ይቆረጥና ጫፉ ተጠርቦ በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ይተከላል፤ በተከላው መካከል ግራዋና ሌሎች ቶሎ የሚበቅሉ ተክሎች ይጨመራሉ፤ ተከላው ሥር ይዞ እስኪጠነክር ድረስም ቀርከሃ ወይም ቀጭን እንጨት በአግድም ማገር ሆኖ በቃጫ ይታሰራል። ኮርች ግንዱ እሾህ ያለው ስለሆነ ከብትን ይመልሳል፤ የባቄላና የአተር ዘመድ በመሆኑም አፈሩን በናይትሮጅን ያበለጽጋል፤ ሲከረከም ቅጠሉ ለከብቱ መኖ፣ ቀሪው ለማገዶ ይሆናል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማገሩ ይበሰብሳል፤ አጥሩ ግን ዛፍ ሆኖ ይቆማል። ይህን ሥራ ቤተሰቡ ራሱ፣ ሰፋ ሲልም ጎረቤት በደቦ ይሠራዋል፤ በደቦ የተጠራ ሰው ምግብና መጠጥ ይቀርብለታል እንጂ ዋጋ አይቆረጥለትም።

ገመዱን በጥሶ የሰው እንሰት የበላ ከብት ጉዳይ፣ ልክ እንደ ወሰን ክርክር፣ ሶንጎ በሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ይታያል። ሶንጎ የተመሠረተው ባሌ በሚባለው የጌዴኦ የትውልድና የሥልጣን ተዋረድ ላይ ሲሆን፣ ይህም ከአጎራባቾቹ የኦሮሞ ሕዝቦች የገዳ ሥርዓት ጋር የሚቀራረብና በአባ ገዳ የሚመራ ነው። ልማዱ ጥፋቱን የሚያሸክመው ለከብቱ ባለቤት ነው፤ ማሳህን ለምን አላጠርህም ተብሎ የሚወቀስ ባለ እንሰት የለም። ከአንድ ሁለት ከብት በላይ ያለው ሰውም በቆላው ለሚኖር የጉጂ ኦሮሞ ወዳጁ ከብቶቹን በአደራ ይሰጣል፤ ጠባቂው በወተቱ ሲጠቀም ባለቤቱ ከብቱንና ውላጁን ይዞ ይቆያል። በጌዴኦ ደጋማ ማሳና በጉጂ የግጦሽ ምድር መካከል የነበረው ይህ የአደራ ውል፣ ምናልባትም አካባቢው ከሚያውቃቸው ኮንትራቶች ሁሉ ጥንታዊው ነው ማለት ይቻላል፤ ከብቱ ከማሳው ሲርቅ አጥሩም ያን ያህል አያስፈልግምና።

ሁለተኛው መልስ ከውጭ የመጣ ነው። በ1880ዎቹ ማብቂያ የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት አካባቢውን ከያዘ በኋላ ጌዴኦ፣ ያኔ በመንግሥት መዝገብ ደራሳ በሚል ስም፣ የሲዳሞ ግዛት አካል ሆኖ ለረጅም ዘመን በደጃዝማች ባልቻ ሳፎ አገዛዝ ሥር ዋለ። አርሶ አደሩም የገባር ሥርዓት በሚባለው ደንብ ለወታደሩና ለሹሙ ተደለደለ። ገባር ማለት ግብር ከፋይ ማለት ነው፤ በደቡቡ ግዛት ግን ግብሩ በእህልና በገንዘብ አያበቃም ነበር። ገባሩ ለጌታው ለመልከኛው ቤት ይሠራል፣ እንጨት ያመላልሳል፣ እህል ያስፈጫል፣ ከብት ይጠብቃል፤ ከግዴታዎቹም አንዱ የጌታውን ግቢ ማጠር ነበር። በእንጨት ተደርድሮ ከፍ ብሎ የሚታጠረው የሹም ግቢ ለጌዴኦ ገበሬ እንግዳ ነገር ነበር። የራሱን ከብት በገመድ አስሮ የሚኖረው ሰው ከገዛ ማሳው ዛፍ ቆርጦ፣ ከገዛ እርሻው ቀን ቀንሶ የሌላውን ሰው ከብትና ንብረት የሚከልል አጥር ያለ ዋጋ እንዲሠራ ይገደድ ነበር። የገባር ሥርዓት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወሳው የእህሉና የማሩ ግብር ቢሆንም፣ በየዓመቱ የሚታደሰው ይህ የአጥር ሥራም የገበሬውን ጊዜና ዛፍ የሚበላ ዕዳ ስለነበረ ስፍራ ሊሰጠው ይገባል።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ የጉልበት ግዴታዎችን በገንዘብ ግብር ተካ። በሕግ የቀረው ግዴታ ግን በኑሮ ወዲያው አልቀረም፤ ቡና ዋጋ እያወጣ ሲሄድ የባለ መሬቶች ጥያቄ በዛ፤ በ1952 ዓ.ም. ገበሬው ጦርና ጎራዴ ይዞ የተነሣበት፣ የሚጪሌ አመፅ በመባል የሚታወቀው ግጭት የዚሁ ምሬት ውጤት ነበር። የባለ መሬትና የጭሰኛ ግንኙነት በሕግ ያከተመው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ነው።

በዚያው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሶንጎን ልማድ በሚመስል አቅጣጫ መሄዱ ልብ ሊባል ይገባል። በቁጥር 2071 መሠረት እንስሳው ድንገት ከቁጥጥር ውጭ ቢሆን እንኳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ በቁጥር 2073 ጥፋት የሌለበት ባለቤት የቤት እንስሳውን ለተጎጂው በመልቀቅ ከኃላፊነቱ ሊወጣ ይችላል፤ በቁጥር 2074 ደግሞ ባለ ይዞታው በመሬቱ ላይ ጉዳት የሚያደርሱ የሌላ ሰው እንስሳትን ይዞ ለካሣው መያዣ ሊያደርጋቸው ይችላል። ይህ በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ሕግ አይደለም። በአሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል በቆየው ልማድ ከብት የትም እንዲሰማራ ይፈቀድ ስለነበር ማጠር የነበረበት ገበሬው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1874 ጆሴፍ ግሊደን የባለቤትነት መብት ያወጣበት እሾሃማ ሽቦም ተፈላጊ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1845 የወጣው የባቡር ሕግ ደግሞ ግዴታውን በሦስተኛ ወገን ላይ ጣለ፤ የባቡር ኩባንያው ሐዲዱን በራሱ ወጪ አጥሮ የአጎራባች ከብቶች እንዳይባዝኑ መከላከል ነበረበት። መንገዱን የሚሠራው አካል ያጥራል የሚለው ሐሳብ በኢትዮጵያ የታየው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

የአገሪቱ ዘመናዊ የመንገድ አስተዳደር የተጀመረው በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ የተገኘው 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር መነሻ ሆኖታል። ሥራውን በውል ለተቋራጭ መስጠት፣ ይህንንም በአማካሪ መሐንዲስ ማስቆጣጠር ቀስ በቀስ ልማድ ሆነ። ይሁን እንጂ በአሮጌው የሞያሌ ጎዳና ላይ ከብትና መኪና አንድ መንገድ ተጋርተው ቆይተዋል፤ መንገዱ ለሁሉም ክፍት ነበር፤ በጠርዙ የቆመው አጥርም የባለ ጓሮው ነበር።

ይህ የተለወጠው፣ ሦስተኛው መልስም የተሰጠው፣ የፍጥነት መንገድ ሲመጣ ነው። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ለትራፊክ የተከፈተው 84.7 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በክፍያ የሚገባበት፣ በአጥር የተዘጋ መንገድ ሲሆን፣ ከሞጆ እስከ ሐዋሳ የተወጠነው ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድም በዚሁ ዓይነት የታሰበ ነው። የሞጆ–ሐዋሳው መንገድ የሚያልፈው በስምጥ ሸለቆው ሜዳማ ምድር፣ ከብት በመንጋ በሚሰማራበትና በሐይቆቹ ዳር ውኃ በሚጠጣበት አገር በመሆኑ፣ በፍጥነት ለሚሄድ መኪና አንዲት ጥጃ እንኳ የሞት ምክንያት ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ አጥሩ በመንገዱ ውል ውስጥ ራሱን የቻለ የሥራ ዓይነት ሆኖ በሜትር ይለካል፣ በሜትር ይከፈልበታል። ዋናው ተቋራጭ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ሥራ ለንዑስ ተቋራጭ፣ ማለትም የሥራውን ከፊል ከእርሱ ለሚረከብ ሌላ ድርጅት፣ ወይም በአካባቢው ለተደራጀ ማኅበር ያስተላልፋል፤ እነዚህ ደግሞ ጉድጓድ ቆፋሪውንና ሽቦ ወጣሪውን በቁርጥ፣ በሠራው ልክ ዋጋ ተነጋግረው ያሠሩታል። አነስተኛና ጥቃቅን ተቋማት በመንግሥት ግዥ ልዩ አስተያየት እንዲያገኙ ይፈቅድ የነበረው የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ለማኅበራቱ በር ከፍቶ ነበር። በደቦ ሲታጠር የኖረው፣ በገባርነት ዘመን በግዴታ የታጠረው አጥር በዚህ ጊዜ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ መሆኑ ትልቅ ለውጥ ነው፤ የገጠር ወጣት ለሠራው አጥር ዋጋ ማግኘቱም ሊናቅ የማይገባው ጥቅም ነው።

የሽቦ አጥር ግን ከተቋራጩ ርክክብ በኋላ ባለቤት ያጣል። ኮርቹን የተከለው ሰው ቅጠሉን ለላሙ ስለሚቆርጥ አጥሩን ይከረክመዋል፣ ክፍተቱን ይሞላዋል፤ ሽቦው ግን ለጎረቤቱ የሚሰጠው ጥቅም የለም። እንዲያውም ወደ ውኃና ወደ ገበያ የሚወስደውን የቆየ መንገድ ስለሚቆርጥበት ለመተላለፊያ ሊከፍተው ይፈተናል። መሐንዲሶች ለሰውና ለከብት ከመንገዱ ሥር የሚያልፍ መሻገሪያ የሚያዘጋጁት ለዚህ ነው፤ መሻገሪያው መንጋው ከሚሄድበት ከራቀ ግን አጥሩ መቆረጡ አይቀርም። የአጥር ውል ሲዘጋጅ ከሜትሩ ዋጋ እኩል የመሻገሪያው ቦታ ከነዋሪው ጋር ሊመከርበት የሚገባው በዚህ የተነሣ ነው።

በዲላና በይርጋጨፌ መካከል የሚታየው ሁኔታ ሌላ ነው። በዚህ ጎዳና የሚያልፉት ብዙዎቹ ከብቶች የቦረና ወይፈኖች ሲሆኑ፣ በአይሱዙ ተጭነው ወደ አዳማና ሞጆ ማድለቢያዎች ይጓዛሉ፤ የአካባቢው ላም ደግሞ በደጅ ታስራ ትቀለባለች። ስለዚህ እዚህ መንገዱን ከከብት የሚጠብቅ ሽቦ የመትከል ፍላጎት ጎልቶ አልታየም፤ አጣዳፊው ጥያቄ በተቃራኒው መንገድ ሲሰፋ የሚነሣው አሮጌ አጥር ዋጋ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው፣ በኋላም በደንብ ቁጥር 472/2012 የተተካው የካሣ ደንብ ቁጥር 135 አጥርን፣ ቋሚ ተክልንና ዛፍን ለየብቻ ዘርዝሮ አጥርን በመሥሪያ ወጪው እንዲተመን ያደርግ ነበር። የጌዴኦ ሕያው አጥር ግን ሦስቱንም ነገር በአንድነት የያዘ ነው፤ መሥሪያ ወጪው ጥቂት የደቦ ቀናትና የተቆረጠ ቅርንጫፍ ሲሆን፣ የሚሰጠው ጥቅም መኖ፣ ማገዶ፣ የቡና ጥላና ጎረቤት የሚያውቀው ወሰን ነው። ገማቹ አጥር ብሎ በሜትር ከለካው ገበሬው የሚያገኘው ካሣ እጅግ አነስተኛ ይሆናል፤ ዛፍ ብሎ በቁጥር ከመዘገበው ግን ወደ እውነተኛው ጥቅሙ ይቀርባል። በጎዳናው ዳር ያለው የእያንዳንዱ ባለ ጓሮ ዕጣም በአብዛኛው የሚወሰነው ገማቹ ኮርቹን ከሁለቱ በየትኛው ረድፍ ላይ እንደጻፈው ነው።