የገመዱን ጫፍ የያዘው ማን ነው?

በሳንጃ ቆላ ከብት እየጠበቀ ያደገ ልጅ ዱካ ማንበብ የሚጀምረው ፊደል ሳይቆጥር ነው። በሬ ጠፍቶ ሲያድር ባለቤቱ ጠዋት አስቀድሞ የሚያየው መሬቱን ነው። ሰኮናው ጠልቋል ወይስ ላይ ላዩን ነው? ከጎኑ የሰው እግር አለ? ጫማ ያደረገ ነው ወይስ ባዶ እግር? በሬው እየጋጠ ሄዷል ወይስ እየተነዳ? ዱካው አንድ መንደር ከገባ የመንደሩ ሽማግሌዎች ይጠሩና ከመንደራቸው መውጣቱን እንዲያሳዩ ይጠየቃሉ። ካላሳዩ ጣጣው ወደ እነሱ ይዞራል። ከእናንተ መካከል ይህን የሠራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ከእኔ በተሻለም ታስረዱታላችሁ።

ነገር ግን የጠፋ ነገር ሁሉ ዱካ አይተውም። ብር ሰኮና የለውም። ከሳጥን ውስጥ የተወሰደ ወርቅ መሬት ላይ ምልክት አያኖርም። ምስክር በሌለበት፣ ዱካም በሌለበት ሌባውን ማን ያሳየናል? አባቶቻችን ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ነበራቸው፤ ሌባ ሻይ ይባል ነበር።

ሌባ ሻይ ስል በብርጭቆ የሚቀርበው ሻይ ትዝ እንዳይላችሁ። “ሻ” ማለት ፈለገ ማለት ነው፤ ሌባ ሻይ ሌባ ፈላጊ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነበር። ንብረት የተሰረቀበት ሰው ለሹም ያመለክታል። የሌባ ሻይ ባለሙያ ይጠራል፤ እሱም ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ይዞ ይመጣል። ልጁ መድኃኒት የተበጠበጠበት ወተት ይጠጣል፣ ጋያ ያስጨሱታል። ጥቂት ቆይቶ ራሱን ይስታል፤ ያያል ግን አያስተውልም። ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰራል፤ የገመዱን ጫፍ ባለሙያው ይይዛል። ልጁ እየተንገዳገደ፣ አንዳንዴም እየዳኸ፣ መንደሩን ይዞራል። አንዱ ቤት ይገባል፣ ይወጣል፣ ሌላው ቤት ይገባል። በመጨረሻ የአንድ ሰው አልጋ ላይ ይወድቅና ይተኛል። የአልጋው ባለቤት ሌባ ነው። የጠፋውን ይከፍላል። ማንም “ምን አየህ?” ብሎ ልጁን አይጠይቀውም፤ ልጁ ሲነቃ የሚያስታውሰው የለምና።

ይህ በስውር የሚደረግ ጥንቆላ ብቻ አልነበረም። በአፄ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ጭምር ሹም የሚያውቀው፣ በአደባባይ የሚሠራ የወንጀል ምርመራ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን የመጡ አውሮፓውያን መንገደኞችም እየተገረሙ ጽፈውታል። አባቶቻችንን ለመሳቅ አትቸኩሉ። ፖሊስ በሌለበት አገር አማራጩ ምን እንደነበር አስቡ፤ የተጠረጠረው በጥይት ይመታል፣ ወገኑ ደም ይመልሳል። ሌላው አማራጭ አውጫጭኝ ነበር፤ የአገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪወጣ ይውላል፣ የቀረ ይቀጣል። በአውጫጭኝ የሚያውቅ ሰው ስሙ ሳይጠራ “ወፍ ነገረችኝ” እየተባለ ምስጢሩ ይወጣ ነበር። ሥራ ፈትቶ ብዙ ቀን ሜዳ ላይ ከመዋል አንድ ልጅ አስክሮ መንደር ማዞር ለብዙዎች ቀለል ሳይላቸው አልቀረም።

አሁን ወደ ለንደን ልውሰዳችሁ፤ ዘመኑን ግን ከዚሁ ከእኛው ምድር አልለቅም። 1881 ዓ.ም. የምንለው ዓመት አፄ ዮሐንስ ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ በመተማ የወደቁበት ነው፤ በመጋቢት። በዚያው ዓመት መጀመሪያ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጥቅምት 1888፣ የዓለም ትልቋ ከተማ ፖሊስ ጭንቅ ውስጥ ነበር። በምሥራቅ ለንደን ድሆች ሰፈር አንድ ያልታወቀ ሰው ሴቶችን በሌሊት እየገደለ ይሰወራል። ምስክር የለም፤ የኮብልስቶን መንገድም ዱካ አይዝም። የፖሊሱ አዛዥ ሰር ቻርልስ ዋረን ይባሉ ነበር። እኚህ ሰው በኢየሩሳሌም የዳዊትን ከተማ ጉድጓድ በቁፋሮ ያገኙት፣ ስማቸውም እስከ ዛሬ የሚጠራበት ዋረን ናቸው፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ካርታ የምትወዱ ታውቋቸው ይሆናል። ከመሬት በታች የተቀበረውን ያገኙ ሰው ከፊታቸው የሚሄደውን ገዳይ ማግኘት አቃታቸው። ጋዜጦች “ውሾች አምጡ” እያሉ ጮኹ።

ውሾቹ ብለድሃውንድ የሚባሉት ናቸው፤ ጆሯቸው እስከ መሬት የሚንጠለጠል፣ ግንባራቸው የተጨማደደ፣ የአንድን ሰው ሽታ ከሌላው ለይተው የሚከተሉ። ሕዝቡ የሚያምንባቸው በምክንያት ነበር። በ1876 ብላክበርን በተባለች ከተማ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ተገድላ ነበር። ፖሊስ የአንድ ፀጉር አስተካካይ ቤት ፈትሾ ምንም አላገኘም። በኋላ ሞርጋን የተባለ ውሻ ወደዚያው ቤት ሲገባ ምድጃው ዘንድ ቆሞ አልንቀሳቀስ አለ። የጭስ መውጫው ሲፈተሽ የተቃጠለ አጥንትና የልጅቱ ልብስ ቅሪት ተገኘ። ሰውየው አመነ።

ስለዚህ ዋረን ከስካርብሮ ከተማ ኤድዊን ብራፍ ከተባለ ሰው ባርናቢና በርጎ የተባሉ ሁለት ውሾችን አስመጥተው በለንደን መናፈሻዎች ሞከሩ። አዛዡ ራሳቸው ሁለት ጊዜ እንደ ሌባ ሆነው ሮጡ፤ ውሾቹም ተከተሏቸው! ሌሎች ሰዎች መንገዱን ሲያቋርጡ ግን ውሾቹ ይደናገሩ ነበር። በሺህ እግር በሚረገጥ ጎዳና ላይማ ምን ይሆኑ? ገንዘቡም ዋስትናውም አልተስማማና ብራፍ ውሾቹን መለሳቸው። በኅዳር 9 ሌላ ሴት ተገድላ ስትገኝ ፖሊሶች ውሾቹ እስኪመጡ ብለው የክፍሉን በር ሳይከፍቱ ሁለት ሰዓት ያህል ቆሙ። ውሾቹ ለንደን ውስጥ አልነበሩም። ማንም አልነገራቸውም። ዋረን ከአንድ ቀን በፊት ሥራቸውን ለቀው ነበር፤ ገዳዩም እስከ ዛሬ ማን እንደሆነ አልታወቀም።

እንግዲህ ብላክበርንንና ሌባ ሻይን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። ውሻውም ልጁም ገመድ ታስሮላቸዋል፤ ሁለቱም መናገር አይችሉም፤ ሁለቱም ወደ አንድ ቤት ይመራሉ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። ውሻው ምድጃው ላይ ሲቆም ሰዎች እጃቸውን ወደ ጭስ መውጫው አስገቡ። ልጁ አልጋው ላይ ሲወድቅ ግን ምርመራው እዚያው አበቃ። ውሻው መሪ ነበር፣ ልጁ ፈራጅ ተደረገ።

ደግሞ ገመዱ አለ። ለብዙ ጊዜ ያላሰብኩት ይህ ነው። በ2011 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች 18 የሰለጠኑ ውሾችን ከያዦቻቸው ጋር አንድ ሕንፃ አስገቧቸው። ሕንፃው፣ ልብ በሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ አደንዛዥ ዕፅ ወይም ፈንጂ የማይገኝበት ቦታ ተብሎ የተመረጠ። ውሾቹ የሚፈልጉት ሽታ በቦታው ጨርሶ አልነበረም። ለያዦቹ ግን ሊኖር እንደሚችል ተነገራቸው፤ አንዳንድ ቦታም ቀይ ወረቀት ተለጠፈ። ከ144 ፍተሻ ውስጥ ያለ ሐሰተኛ ምልክት ያለቀው 21 ብቻ ነበር። የያዡ ጥርጣሬ በገመዱ ወደ ውሻው ይወርዳል፤ በእርምጃው መቀነስ፣ በዓይኑ አቅጣጫ፣ ያዡ ራሱ ሳያውቀው። እንግዲህ በወተትና በጋያ የደነዘዘ ልጅ ገመዱ ትንሽ ሲሳብ ወዴት እንደሚያዘነብል ገምቱ። መንደሩ ማንን እንደሚጠረጥር ልጁ አያውቅም። ገመዱን የያዘው ግን ከመንደሩ ሰው ጋር ሲያወራ አምሽቷል።

“መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥስ ዕጣ አልነበረም ወይ?” የሚለኝ አይጠፋም። ነበር። ኢያሱ 7 ላይ አካን በዕጣ ተለየ። ነገር ግን አንድ ጊዜ ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ኢያሱ በዕጣው ብቻ አላለፈም። ሰውየውን ጠየቀው፣ ሰውየው ተናዘዘ፣ መልእክተኞች ወደ ድንኳኑ ሮጡ፣ ዕቃው ተቆፍሮ ወጣ፣ በሕዝቡ ፊት ተዘረጋ። ዘዳግም 19 ደግሞ በአንድ ምስክር ሰው እንዳይፈረድበት ይከለክላል፤ ዳኞችም አጥብቀው እንዲመረምሩ ያዛል።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ዘፍጥረት 44 ነው። የዮሴፍ የብር ጽዋ በብንያም ጆንያ ውስጥ ተገኘ። ሌባ ሻይ እዚያ ሰፈር ቢዞር ኖሮ ያለ ጥርጥር ብንያም አልጋ ላይ ይተኛ ነበር፤ ብለድሃውንድም ቢሆን የብንያምን ጆንያ ይይዝ ነበር። ብንያም ግን አልሰረቀም። ጽዋውን ያስቀመጠው ከሳሹ ራሱ ነው።

ሌባ ሻይን ካስቀሩት መካከል ራስ ተፈሪ ይገኛሉ፤ ኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ ተብለው በጻፉት “ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ” ውስጥ ይህን ልማድ ያነሱታል። ሰው በልጅ እንቅልፍ ሌባ መባሉ በአዋጅ ቀረ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 ላይ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ተከሳሽ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይደነግጋል። በወረቀት ጉዳዩ ተዘግቷል።

በወረቀት አልኩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ ከተማ በማገለግልበት ጊዜ የወጣቶች ኅብረታችን ለኮንፈረንስ ያዋጣው ገንዘብ ጠፋ። በዚያው ሳምንት አንድ እንግዳ አገልጋይ መጥቶ ነበር። በጸሎቱ መካከል ቆም ብሎ፣ ጌታ እንዳሳየው፣ ገንዘቡን የወሰደው ከኋላ የተቀመጠ ቀጭን ወጣት እንደሆነ ተናገረ። ስም አልጠራም። አያስፈልግም ነበር፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ልጁ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ አባት የለውም፣ በዚያ ወር ደግሞ አዲስ ጫማ ገዝቷል። ተነሥቶ ወጣ። “ቢነካው ነው የወጣው” አልን።

ማንም ቦርሳውን አልፈተሸም። ማንም ጫማውን በምን እንደገዛ አልጠየቀውም። የጌታ ቃል መጥቶ የለ! ሐዋርያው በ1ኛ ተሰሎንቄ 5 ትንቢትን አትናቁ ባለበት አንደበት ሁሉን ፈትኑ ማለቱን አስተምር ነበር፤ ያን ቀን ግን አፌ ተያዘ። ምክንያቱን ለማንም ሳልናገር ብዙ ቆይቻለሁ። አገልጋዩ ምሳ የበላው እኔ ቤት ነበር። ምሳ ላይ ስለጠፋው ገንዘብ ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ስለ አዲሱ ጫማም እንዲሁ። ሰውየው ዋሽቷል አልልም፤ በእውነት ያየ መስሎት ይሆናል። የገመዱ ጫፍ ግን በእኔ እጅ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ገንዘቡ በኪቦርዱ ቦርሳ የጎን ኪስ ውስጥ ተገኘ፤ ሒሳብ ያዡ ለጥንቃቄ አስቀምጦት ረስቶት ኖሯል። አንድ ብር አልጎደለም። በማግስቱ ወደ ልጁ ቤት ሄድኩ። እናቱ አስገቡኝ፣ ቡና አፈሉልኝ፣ ሦስተኛው እስኪቀዳ ድረስ ስለ ዝናቡና ስለ ሰሊጥ ዋጋ አጫወቱኝ። ልጁ ጓዳ ውስጥ ነበር፤ ሲያስል ይሰማኛል። ይቅርታዬን በመጋረጃው በኩል ተናገርኩ። እናቱ አንገታቸውን ደፍተው ሲኒዎቹን ማጠብ ጀመሩ።