አምስት ዓመት ብቻ የኖረው ቡድን

ወዳጆቼ፣ ቤዝቦል እኛ ጋ ብዙም አይታወቅም። ግን ሕጉን ባታውቁም ይህ ታሪክ ይገባችኋል። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አሜሪካ ውስጥ የታችኛው ሊግ ቡድኖች ብዙዎቹ ከበላያቸው አንድ ትልቅ ክለብ አለ። ተጫዋቹን የሚቀጥረው፣ ወደ ላይ የሚወስደው፣ ሲፈልግም የሚያሰናብተው እሱ ነው። የከተማው ሰው ዛሬ የወደደውን ልጅ ነገ ላያገኘው ይችላል።

ኦሪገን ውስጥ ፖርትላንድ የሚባል ከተማ አለ። ቢቨርስ የተባለው ቡድኑ ተመልካች አጥቶ በ1972 ማብቂያ ከተማውን ለቀቀ። ክፍተቱን ያየው ማን መሰላችሁ? ቢንግ ራስል፣ ተዋናይ! "ቦናንዛ" በሚባለው የቴሌቪዥን ድራማ ምክትል ሸሪፍ ሆኖ የሠራው ነው (የኩርት ራስል አባት፤ ፊልም የምትወዱ ታውቁታላችሁ)። በ1973 ማንም ትልቅ ክለብ የማያዝዘው ቡድን አቋቋመና ማቬሪክስ አለው። ማቬሪክ ማለት የባለቤት ምልክት ያልተተኮሰበት ከብት ነው፤ ስሙ ልክክ ብሏል።

መሞከር ለፈለገ ሁሉ በሩን ከፈተ። ሌላ ቦታ የተባረሩ፣ "ዕድሜህ አልፏል" የተባሉ መጡ። ደሞዙ በወር 300 ዶላር ነበር፤ ራስል መልአክ ነበር እያልኩ አይደለም። ሴት ዋና ሥራ አስኪያጅም ሾመ፤ ያኔ በዚህ ስፖርት ውስጥ እንግዳ ነገር ነው። ከመጡት አንዱ ጂም ባውተን ነው። የኒውዮርክ ያንኪስ ኳስ ወርዋሪ የነበረ፣ በ1970 የተጫዋቾችን ገመና የሚያወጣ መጽሐፍ ጽፎ በትልልቆቹ ጥርስ የተነከሰበት ሰው። ማቬሪክስን በ1975 ተቀላቀለ።

እኛ ጋ ልጅ በአንድ የ12ኛ ክፍል ፈተና ብቻ ሲመዘን ሳይ እነዚህ ሰዎች ትዝ ይሉኛል። ምክንያቱም ለጨዋታ ማድመቂያ ብቻ አልነበሩም፣ ያሸንፉ ነበር። በ1977 44 አሸንፈው በ22 ብቻ ተሸነፉ፤ ዋንጫውን በፍጻሜው በቤሊንግሃም ተነጠቁ። በዚያ ዓመት ሜዳቸው ከ125,000 በላይ ተመልካች ገባ።

ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። ፖርትላንድ ገበያ እንዳላት ሲታይ፣ ጥሎ የሄደው ሊግ ልመለስ አለ። በጊዜው ደንብ መሠረት ከፍ ያለ ሊግ ካሳ ከፍሎ የታችኛውን ቡድን ከከተማው ማስነሳት ይችል ነበር። 26,000 ዶላር እንስጥህ አሉት። ራስል 206,000 ካልሆነ አልነሳም ብሎ በግልግል ዳኝነት ረታ፣ ገንዘቡንም ተቀበለ።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ድል ያወራዋል። እኔ ግን ግማሽ ድል ነው የምለው። ራስል የሚገባውን አገኘ፤ እነዚያ "አትረቡም" የተባሉት ተጫዋቾች ግን የሚቀበላቸውን ቤት አጡ። ዳኞቹ ስለ ዋጋው እንጂ ቡድኑ ይቆይ አይቆይ ብለው አልፈረዱም።

በ1978 ቢቨርስ ወደ ፖርትላንድ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ጂም ባውተን፣ 39 ዓመቱ ላይ፣ ለአትላንታ ብሬቭስ ተሰልፎ በትልቁ ሊግ ወረወረ።