የመጫወቻ ሜዳ ዓይነትና የታላላቅ የሜዳ ቴኒስ ሻምፒዮኖች አጨዋወት

የሜዳ ቴኒስ በሣር፣ በሸክላና በጠንካራ ወለል ላይ የሚካሄድ ስፖርት በመሆኑ፣ የአንድ ሻምፒዮን ብቃት የሚመዘነው በድሎቹ ብዛት ብቻ ሳይሆን ድሎቹን ባገኘበት ሜዳም ጭምር ነው። ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ዊምብልደን በሣር፣ የፈረንሳይ ኦፕን በሸክላ፣ የአውስትራሊያና የአሜሪካ ኦፕን ደግሞ በጠንካራ ሜዳ ይካሄዳሉ።

በሣር ላይ ኳስ ፈጥና ዝቅ ብላ ስለምትነጥር ኃይለኛ ሰርቭ ያለውና ወደ መረቡ የሚጠጋ ተጫዋች ተጠቃሚ ይሆናል። በሸክላ ሜዳ ላይ ግን የተነጠፈው የጡብ ዱቄት የኳሷን ፍጥነት ቀንሶ ወደ ላይ ስለሚያነጥራት፣ ከኋላ መስመር ሆኖ በትዕግሥት የሚመልስ ተጫዋች ብልጫ ያገኛል። ጠንካራው ሜዳ በአብዛኛው በሁለቱ መካከል የሚመደብ ነው።

አሜሪካዊው ፒት ሳምፕራስ በሰርቩና በመረብ ላይ ጨዋታው ዊምብልደንን 7 ጊዜ ቢያሸንፍም፣ በፈረንሳይ ኦፕን እ.ኤ.አ. በ1996 ከደረሰበት ግማሽ ፍጻሜ አልፎ አያውቅም። በአንጻሩ ስፔናዊው ራፋኤል ናዳል በግራ እጁ እያሽከረከረ በሚመታቸው ኳሶች የፈረንሳይ ኦፕንን 14 ጊዜ ወስዷል።

ሁለቱን ሜዳዎች በአንድ የውድድር ዓመት ማሸነፍ እጅግ ከባድ ፈተና ነው። ስዊድናዊው ቢዮርን ቦርግ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1980 በተከታታይ ይህን ፈጽሟል። በሸክላ ላይ ከኋላ መስመር በትዕግሥት ሲጫወት፣ በሣር ላይ ሰርቩን ተከትሎ ወደ መረብ ይወጣ ነበር። ሆኖም በአሜሪካ ኦፕን 4 ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ አንድም ጊዜ አልቀናውም። በሴቶች ጀርመናዊቷ ሽቴፊ ግራፍ አራቱንም ውድድሮች እያንዳንዳቸውን ቢያንስ 4 ጊዜ አሸንፋለች።

ከቦርግ በኋላ በወንዶች የሸክላና የሣር ድርብ ድል እስከ 2008 አልተደገመም። በዚያ ዓመትና በ2010 ናዳል፣ በ2009 ሮጀር ፌደረር፣ በ2021 ኖቫክ ጆኮቪች፣ በ2024 ደግሞ ካርሎስ አልካራዝ አሳክተውታል።

ለዚህ ለውጥ አንዱ ምክንያት ሜዳው ራሱ ነው። ዊምብልደን እ.ኤ.አ. በ2001 የሁለት ዝርያዎች ድብልቅ የነበረውን ሣር ራይግራስ በተባለ አንድ ዝርያ ብቻ ተክቷል። ወለሉ በመጠንከሩ ኳስ ከቀድሞው ከፍ ብላ መንጠር ጀመረች፤ በ2002 የወንዶች ፍጻሜ የተገናኙት ሌይተን ሂዊትና ዳቪድ ናልባንዲያንም ከኋላ መስመር የሚጫወቱ ነበሩ። ስለሆነም የተለያየ ዘመን ሻምፒዮኖችን በዋንጫ ብዛት ብቻ ማወዳደር የተሟላ ፍርድ አይሰጥም፤ የተጫወቱበት ሣርም አንድ አልነበረምና።