ባንዱ እስኪመጣ

የሚወዱትን ባንድ በመድረክ ላይ ለማየት ቀን መቁጠር የበዓል ዋዜማን ይመስላል። ቄጠማው ገና አልተጎዘጎዘም፤ ቤቱ ግን አስቀድሞ ሸቷል። ሰው ትኬቱን ከኪሱ አውጥቶ ያያል፣ ይመልሳል፣ ደግሞ ያወጣል። እኔም ሰሞኑን በዚህ ሁኔታ ላይ ነኝ። የዋልያስ ባንድን የቆዩ ዜማዎች የሚጫወቱ ወጣቶች በሚቀጥለው ወር መድረክ ላይ ይወጣሉ፤ ትኬቴን ቆርጫለሁ። ዋልያሶችን ራሳቸውን ግን አንድ ላይ ሆነው ሲጫወቱ አይቼ አላውቅም። ያየው አጎቴ ነበር።

አጎቴ በወጣትነቱ ሒልተን አዲስ አበባ ገብቶ ዋልያሶችን ሲያዳምጥ ያደረ ሰው ነው። «ያደረ» ስል ቃሉን በትክክለኛ ፍቺው ነው። ያን ሌሊት ሲተርክልን ኮቱን ሳያወልቅ፣ እንቅልፍ ሳይተኛ፣ በማግስቱ ከዚያው ወደ ሥራው እንደ ሄደ ይነግረን ነበር። ባንዱ ወደ አሜሪካ መሄዱን ከነገረን በኋላም ንግግሩን የሚዘጋው ሁልጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ሲመለሱ አብረን እናያቸዋለን።» እኔ ያን ቃል እንደ ብድር ያዝኩት። ብድሩ ሳይከፈል አጎቴ አረፈ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሙዚቃ ታሪክ የምጽፍ ብመስልም፣ በእውነቱ የምጽፈው ስለ ጥበቃ ነው።

በአገራችን አንድ ተራ ሰው አንድን ባንድ መርጦ፣ የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ፣ ቀን ቆጥሮ የሚጠብቅበት ዕድል የመጣው ዘግይቶ ነው። ዘመናዊው ሙዚቃ መጀመሪያ የቤተ መንግሥት እንግዳ ነበር። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ ከአርመን ፍጅት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙና ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አርባ ስለ ነበሩ «አርባ ልጆች» ተባሉ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ላይ የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። የሚጠበቁት ግን ንጉሡ ነበሩ፤ ባንዱ የንጉሡ አጃቢ ነበር።

ከጠላት ወረራ በኋላም ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት ነበሩ። ሙዚቀኛው ዩኒፎርም ለብሶ፣ ደመወዝ ቆጥሮ፣ ትእዛዝ ጠብቆ ይጫወታል። የመንግሥት ነገር ሲናወጥ እርሱም ይናወጣል፤ የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ጥላሁን ገሠሠ እንኳ ለጥቂት ጊዜ ከመታሰር አልዳነም። ሕዝቡ እነዚህን ባንዶች በሀገር ፍቅርና፣ ከ1948 ዓ.ም. ወዲህም፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው አዳራሽ ያያቸው ነበር። አየ፣ ወደደም፤ ነገር ግን ባንዱ የራሱ አልነበረም።

ለውጡ የመጣው በ1960ዎቹ ዓ.ም. ነው። አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ሸክላ የማሳተምን መብት ለብቻው ይዞ የነበረውን ሀገር ፍቅርን ተጋፍቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። በሆቴሎችና በምሽት ክበቦችም የማንም ዩኒፎርም ያልለበሱ ወጣቶች ተሰባስበው ባንድ ማቋቋም ያዙ። አይቤክስ፣ ዳህላክ፣ ዋልያስ የዚያ ዘመን ስሞች ናቸው። ዋልያስ ስሙን የወሰደው ከሰሜን ተራራ በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር ከሌለው እንስሳ ነው። ወጣቶቹ ኦርጋን፣ ጊታርና ሳክስፎን ይዘው ይህን ስም ለምን እንደ መረጡ ለማወቅ ዜማቸውን መስማት ይበቃል፤ መሣሪያው የሩቅ አገር ነው፣ ቅኝቱ ግን ከዚህ ምድር ወጥቶ አያውቅም።

ይህ የነጻነት ጊዜ ግን አጭር ነበር። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ያዘ፣ ሰዓት እላፊም ታወጀ። ከተማዋ በጊዜ በሯን ዘጋች። የሙዚቃ ወዳጅ ምርጫው ሁለት ሆነ፦ ወይ በጊዜ ወደ ቤቱ መግባት፣ ወይ ባንዱ ካለበት ገብቶ እስኪነጋ እዚያው መቆየት። ሁለተኛውን የመረጠ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ መውጫ የለውም፤ ባንዱም እርሱም እስከ ንጋት ድረስ አብረው ናቸው። የአጎቴ ሌሊት ከእነዚህ አንዱ ነበር። ውጭ ጥይት ይሰማል፤ ውስጥ የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚደንሱት ሰዎች ግድ የለሾች አልነበሩም። ብዙዎቹ ወንድም ወይም ጓደኛ ያጡ ነበሩ። አጎቴ ስለዚያ ሲጠየቅ ብዙ አይናገርም፤ «ሲነጋ በሕይወት ነበርን» ብቻ ይል ነበር።

ዋልያሶች እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን የመሣሪያ ሙዚቃ ሸክላቸውን አወጡ። ግርማ በየነ የደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኘው በዚህ ሸክላ ላይ ነው። ግጥም ሁሉ በሳንሱር ዓይን ስር በሚያልፍበት ዘመን ቃል የሌለው ዜማ የራሱ ጥቅም ነበረው፤ ሳንሱር ቀይ መስመር የሚያሰምርበት ስንኝ አያገኝም። አድማጩ ግን የልቡን ቃል ራሱ ይጨምርበታል።

እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሳ ጋር ለሙዚቃ ጉዞ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በየከተማው የጠበቃቸው ተመልካች በአብዛኛው አገሩን ጥሎ የተሰደደ ኢትዮጵያዊ ነበር። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሉ ተመለሰ፤ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ ግን በዚያው ቀሩ። ባንዱ ሁለት ቦታ ተከፈለ። አዲስ አበባ ላይ የሚጠብቀው አድማጭ ይህን በአዋጅ አልሰማም፤ የሰማው በዝምታ ነው።

ከዚያ ወዲህ መድረኩን የተካው ካሴት ነው። ካሴት ደግ ነገር ነው፤ በአንድ ቴፕ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ነገር ግን ካሴት አይጠባበቅህም፣ አንተም አትጠባበቀውም። ስታዞረው ይዞራል፣ ስታቆመው ይቆማል። አጎቴ ቴፑን በእርሳስ እያጠነጠነ ሲያዳምጥ የሚጎድለውን አሁን የተረዳሁት ይመስለኛል፦ ዜማው ነበረ፣ ያ ሌሊት ግን አልነበረም።

እኛ እዚህ ስንጠብቅ ግን ሙዚቀኛውም እዚያ እየጠበቀ ነበር። አቶ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነጂ ሆኑ። በዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወረፋቸው እስኪደርስ፣ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ አውጥተው፣ በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ለብቻቸው ይለማመዱ ነበር። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ለረጅም ሰዓት ዝም አልሁ። አንድ ሙሉ አዳራሽ እስኪነጋ ይዞ ያሳደረ ሰው ተመልካች በሌለበት መኪና ውስጥ ጣቶቹን ያሟሻል። ማንም አልጠራውም፤ ቢጠራ ግን ዝግጁ ነው።

ጥሪውም መጣ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ፣ አቶ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮንና በሲንተሳይዘር ለብቻቸው የቀዱትን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አገኘና በ2013 ዳግም አሳተመው። ሙዚቀኛው ከሃያ ዓመት ያህል ዝምታ በኋላ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጡ። ግርማ በየነም እንዲሁ ለብዙ ዓመታት ድምፃቸው ጠፍቶ ከኖረ በኋላ በ2017 «አካሌ ውቤ» ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር አዲስ ሥራ ይዘው ብቅ አሉ። አጎቴ በተናገረው መንገድ ባይሆንም፣ አንድ በአንድና በሌላ በር፣ «ሲመለሱ» ያለው ነገር በከፊል ደረሰ።

ውድ አንባቢ፣ ከዚህ ሁሉ የተማርሁትን በአጭሩ ልበል። የምንወደውን ባንድ ለማየት ስንጠብቅ የምንጠብቀው ዜማውን አይደለም፤ ዜማውን አስቀድመን በቃላችን ይዘነዋል። የምንጠብቀው ዜማው ሲወለድ በአንድ ጣራ ስር መገኘትን ነው። ሙዚቀኛው ሊሳሳት የሚችልበት፣ ከበሮው ሊዘገይ የሚችልበት፣ እኛም ልናለቅስ የምንችልበት አንድ ሰዓት። ታሪክ ይህን ሰዓት አንዴ በቤተ መንግሥት አጥር፣ አንዴ በሰዓት እላፊ፣ አንዴም በስደት ከሰው እጅ ነጥቆታል። ቢሆንም ጠባቂ በሁለቱም ወገን እስካለ ድረስ ሰዓቱ ይዘገያል እንጂ አይቀርም።

በሚቀጥለው ወር መድረክ ላይ የማያቸው ወጣቶች «ቼ በለው» በታተመ ጊዜ አልተወለዱም። ዋልያሶች አይደሉም፤ ነን ብለውም አልተናገሩም። እኔም አጎቴን አይደለሁም። ሆኖም «ሙዚቃዊ ስልት» ሲጀመር ዓይኔን ጨፍኜ ኮቱን ያላወለቀውን ያን ወጣት አስበዋለሁ። የዛሬው ሌሊት በር አይዘጋብንም፤ ሲያልቅ ሁላችንም ወደየቤታችን እንገባለን። እኔ ግን አንድ ሐሳብ አለኝ፦ በቀጥታ ከመሄድ ይልቅ እስኪነጋ ድረስ ከተማውን በእግሬ እዞራለሁ፤ ጠዋትም ኮቴን ሳላወልቅ ወደ ሥራዬ እገባለሁ።