ቤቷ ፍንጣቂ የሆነ ጉርጥ

ታንዛኒያ ውስጥ፣ ኡድዙንግዋ ተራሮች ላይ፣ ኪሃንሲ የሚባል ፏፏቴ አለ። የፏፏቴው ፍንጣቂ በሚያረጥበው 2 ሄክታር ያህል ቦታ ላይ 3 ሴንቲሜትር የማትሞላ ጉርጥ ትኖር ነበር፤ እንቁላል ሳትጥል ልጅ የምትወልድ! ሳይንስ ያወቃት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ያኔ ግድቡ እየተሠራ ነበር።

በ2000 አብዛኛው ውሃ ወደ ተርባይን ሲዞር ፍንጣቂው ጠፋ። 180 ሜጋዋት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ግን እስቲ አስቡት፦ ለኛ ለመሐንዲሶች ፍንጣቂ የባከነ ውሃ ነው፤ ለሷ ቤቷ ነው።

በዚያው ዓመት 499 ጉርጦች በአውሮፕላን ወደ አሜሪካ ተወሰዱ። ኪሃንሲ ላይ ውሃ የሚረጭ ቱቦ ተዘረጋና የቀሩት አንሰራሩ፤ በ2003 ግን በድንገት ረገፉ። የቆዳ ፈንገስም ተገኘባቸው። በ2009 ከዱር መጥፋቷ ታወጀ።

በ2012 እዚያ የተራቡት ወደ ኪሃንሲ ተመለሱ። የጠበቃቸውም በቱቦ የሚረጭ ውሃ ነበር።