ደቦና ወንፈል በመተማ ቆላ

ደቦና ወንፈል በከተማ ሰው አፍ እንደ አንድ ነገር ይጠራሉ፤ በባላገር ዘንድ ግን ሁለት ናቸው። ወንፈል ዕዳ ነው። ጎረቤቱ አንድ ቀን በጉልበቱ ወይም በበሬው የሠራለት ሰው በተራው ያንኑ አንድ ቀን ይመልሳል፤ ጽሕፈት ባይኖረውም ቀኑ ይቈጠራል። ደቦ ግን ጥሪ ነው። ሥራ የበዛበት ሰው ጠላ ጠምቆ፥ ወጥ አሠርቶ መንደሩን ይጠራል፤ የመጣውም በልቶ ጠጥቶ የብዙ ቀን ሥራ በአንድ ቀን ይጨርስለታል። በዚህ ቀን አይቈጠርም፤ ይሁን እንጂ እየተጠራ የሚቀር ሰው እርሱ በጠራ ጊዜ ጠላው ሳይጠጣ ይሆመጥጥበታል። በሬ የሌላት መበለትና የታመመ ገበሬ የሚመልሱት ጉልበት የላቸውምና በወንፈል ሊኖሩ አይችሉም፤ መጠጊያቸው ደቦ ነው።

ይህ ልማድ ሰው ከሰው ጋር ብዙ ዘመን ተጐራብቶ መኖርን ይሻል፤ መተማ ደግሞ እንዲህ ያለ ዕረፍት ያገኘችው ጥቂት ነው። በዚያ ቆላ ጉሙዝ በመቈፈሪያ ማሽላ ሲዘራ ኖሯል፤ እርሱም የማሽላ ጠላ አዘጋጅቶ ጎረቤቱን ለሥራ መጥራትን ያውቃል። ከዳርፉርና ከዚያ ወዲያ ካለው ምዕራብ አገር ወደ መካ የሚሄዱ ተክሩሮችም በመንገዳቸው በመተማ ሰፍረው፥ ገበያዋን አቅንተው፥ አንድ ጊዜ ለኢትዮጵያ አንድ ጊዜም ለግብፅ ሹማምንት፥ ባስ ሲልም ለሁለቱም ገብረዋል። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከደርቡሽ ጋር የተዋጉትና የቈሰሉት በዚህችው ከተማ ነው። በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል ወሰኑ በመተማና በገላባት መካከል ተሰመረ፤ ጎረቤትም ከጎረቤት በመንግሥት ተለየ።

በ1995 ዓ.ም. በሰፈራ ከደጋ የወረዱት ገበሬዎች ደቦንና ወንፈልን ይዘው ነው የመጡ። ቆላው ግን ሌላ ጌታ አቆያቸው፤ እርሱም ሰሊጥ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬ ያዘለው ከረጢቱ አፉን ከፍቶ ዘሩን መሬት ላይ ያፈሳልና፥ ሳይደርቅ ታጭዶ፥ ታስሮ፥ ቀጥ ብሎ ተደግፎ መቆም አለበት፤ ከደረቀ በኋላ በጨርቅ ላይ ተዘቅዝቆ ይራገፋል። የአገሩም ሰሊጥ የሚደርሰው በአንድ ሰሞን ነው። ታዲያ በዚያ ሳምንት ለጎረቤቱ አንድ ቀን የሰጠ ገበሬ ከራሱ ማሳ የአንድ ቀን እህል አፈሰሰ ማለት ነው። ወንፈል ተራ ይፈልጋል፤ ሰሊጥ ግን ተራ አይሰጥም። ገበሬው ስስታም ሆነ ብሎ የሚፈርድበት ሰው ይህን አላየም።

ስለዚህ አጨዳው ከደጋ ለሚወርደው የቀን ሠራተኛ ሆነ፤ እርሱም ለገንዘብ እንጂ ለጠላ አይመጣም። የሚከፍል ያሳጭዳል፤ የማይከፍል፥ ይልቁንም መበለቲቱ፥ መሬቷን ለእኩል ሰጥታ ግማሹን ትጠብቃለች።

ማሽላ ግን ከሰሊጥ ዘግይቶ ይደርሳል፥ ባይታጨድም ቆሞ ይቈያል፤ የቀን ሠራተኛውም ያን ጊዜ ወደ ደጋው ተመልሷል። ጠላ የሚጠመቀው፥ መንደሩም የሚጠራው በዚያን ጊዜ ነው።